ደቻቱ ደረቅ ወንዝ አይደለም

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል። ቡና የሚፈላበት ቤት ያላችሁ አንደኛው እስኪወርድ አንብቡት፤ የሌላችሁ ደግሞ ለማታ አቆዩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀፊራ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ፣ ደቻቱ መሀል ከቆመ አይሱዙ ጀርባ "ቲቸር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። አካፋ ይዞ፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ ጥርሱ ብቻ ይታያል። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው ካርታ በመሳል የሚያክለው አልነበረም። ጨብጬው ትንሽ አወራን። ከዚያ አመሌ ነውና "እንዴ፣ እዚሁ ከተማው መሀል አሸዋ ትጭናላችሁ እንዴ?" አልኩት።

"አቦ ቲቸር፣ አንተ ደግሞ! ደረቅ ወንዝ አይደል? ማንን ይጎዳል?" አለኝ። ድሬ ነው፤ መምህርም ብትሆን "አንተ" ነህ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልስ አጣሁ። መልሱን ስለማላውቀው አይደለም። መልሱ ረጅም ስለሆነና ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ስለነበረ ነው። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ግማሹ ከተማ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለእሱ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከቤቴ ኋላ አንድ ክፍል ሠርቻለሁ። ያን ጊዜ ሁለት መኪና አሸዋ አስገባሁ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ማወቅ ስላልፈለግኩ አልጠየቅኩም ብል ይሻላል፤ ምክንያቱም ዋጋው ረከስ ያለ ነበር። አሁን ይህን የምጽፈው በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። እና ጣቴን የምቀስረው ወደ ራሴም ነው።

ሌላም ነገር። እኔ ሃይድሮሎጂስት አይደለሁም። የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ግን ይህ ጉዳይ ዶክትሬት የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ኩባያ አሸዋና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል።

*

ከእኔ ጋር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ። ክረምት ላይ ጎርፍ መጥቶ ከሄደ በኋላ ደቻቱ ሁለት ሦስት ቀን ትንሽ ይፈስና ከላይ ይደርቃል። እናቶቻችን ታዲያ ወንዙ ደረቀ ብለው ቤት አይቀመጡም ነበር። ሳፋና ጣሳ ይዘው ይወርዳሉ፤ አሸዋውን በእጃቸው ክንድ ያህል ጫር ጫር ያደርጉታል፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ አሸዋው ይጠቁራል። ቀጥሎ ከሥር ደፍረስ ያለ ውሃ ቀስ እያለ ይሞላል። የመጀመሪያውን ቀድተው ይደፉታል። ሁለተኛው ጠርቶ ይመጣል። በዚያ ልብስ ታጥቧል፣ እኛም ታጥበናል።

እኔ ልጅ ሆኜ ውሃው ከየት እንደመጣ አልገባኝም ነበር። ዝናብ የለ፣ ቧንቧ የለ። እናቴን ስጠይቃት "ወንዙ ነዋ! ከላይ ሙቀት ሲበዛበት ወደ ታች ይገባል" አለችኝ። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ግን ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ መልስ ነው የሰጠችኝ።

እስቲ ሳይንሱ የሚለውን እንይ።

በትምህርት ቤት ወንዝን የምንስለው እንደ ቦይ ነው። ሁለት ዳርቻ፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ ከሥሩ ምንም። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። የወንዝ ወለል እንደ ሳፋ ወለል የተደፈነ አይደለም። ወንዙ የተኛው በአሸዋና በጠጠር ላይ ነው፤ በአሸዋው ቅንጣቶች መሀል ክፍተት አለ፣ ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ከላይ የምናየው ወንዝ ወደ ታች ይገባል፣ ከታች ያለው ውሃም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ሁለቱ ውሃዎች የሚገናኙበት ቦታ "ሃይፖሬይክ ዞን" ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ "ከፍሰቱ በታች" እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ትራያን ኦርጊዳን የሚባል ሮማኒያዊ ተመራማሪ ሲሆን ጊዜውም 1959 እ.ኤ.አ ነው። እናቶቻችን ስም ሳያወጡለት ሲቀዱበት ኖረዋል።

ወንዞች ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ባላቸው ግንኙነት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ተቀባይ ወንዝ ነው። በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ውሃው ከመሬት ወደ ወንዙ ይገባል። በጋ ላይ ዝናብ ሳይኖር የማይደርቁ ወንዞች የሚኖሩት በዚህ ነው። ሁለተኛው ሰጪ ወንዝ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከወንዙ ወለል ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ወንዙ እየፈሰሰ ውሃውን ወደ ታች ይሰጣል። አንድ ወንዝ ላይኛው ክፍሉ ተቀባይ፣ ታችኛው ክፍሉ ሰጪ ሊሆን ይችላል። በክረምትና በበጋም ሊገለባበጥ ይችላል።

ደቻቱ ሰጪ ነው። ከደንገጎ አካባቢ ካለው ተራራ ዝናቡን ይዞ ይወርዳል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ወፍራም አሸዋና ጠጠር ያገኛል። እዚያ ይሰምጣል። የምናየው ደረቅ አሸዋ ወንዙ ሥራውን ጨርሶ የሄደበት ቦታ ነው። ሰጥቶ ስለጨረሰ ነው "ደረቅ" የምንለው። አያሳዝንም?

ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ መጀመሪያ በሥርዓት የለካው ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ዲዦን ለምትባል ከተማ ንጹህ ውሃ ያመጣ ሰው ነው። በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ለካ፤ ውጤቱን በ1856 እ.ኤ.አ አሳተመ። ያገኘው ነገር ቀላል ነው፦ የሁለቱ ጫፎች የውሃ ከፍታ ልዩነት በጨመረ ቁጥር ፍሰቱ ይጨምራል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይቀንሳል፤ አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ወይም ከተደፈነ ደግሞ በጣም ይቀንሳል። ይችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ይህ ከወንዙ በታች ያለው ዓለም ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ፍላትሄድ የሚባል ወንዝ አለ። ተመራማሪዎች ከወንዙ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቁ ጉድጓዶች ውስጥ የወንዝ ነፍሳት እጭ አገኙ። ነፍሳቱ ሜዳው ላይ አልተራመዱም። ከመሬት በታች፣ በጠጠሩ መሀል ነው የሄዱት። ማለትም ወንዙ ዓይናችን ከሚያየው ስፋት በጣም ይበልጣል። ባንኮኒ ላይ ተደግፋችሁ "ወንዙ እዚያ ጋ ነው" ስትሉ፣ ወንዙ ከእግራችሁ ሥር ሊሆን ይችላል።

*

"እሺ ቲቸር፣ ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?" የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበራችሁ።

ድሬዳዋ ሐይቅ የላትም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ የላትም። የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው እዚህ ቆመ፤ ከተማዋም ተወለደች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የኖርነው ከእግራችን ሥር ባለው ውሃ ነው። ሳቢያን ያሉት ጉድጓዶች ባይኖሩ ድሬ የለችም። ይህን ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ ያልተሰለፈ ማን አለ?

ያ ውሃ ከየት ይመጣል? ከተራራው ዝናብ። ከፊሉ እዚያው ላይ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከፊሉ በጎርፍ ወርዶ በወንዞቻችን አሸዋ በኩል ይሰርጋል። ሁሉም ከደቻቱ ነው አላልኩም። ግን የደቻቱና የመሰሎቹ ወለል አንዱ ትልቅ በር ነው።

ጎረቤታችንንም እዩ። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ሐረር ከእሱ ትጠጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሐረር ውሃ የተፈለገው የት ነው? ድሬዳዋ አቅራቢያ ካለ ጉድጓድ፣ ተራራውን ሽቅብ ተገፍቶ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ተመልሶ ውሃ ይዟል፣ ተመስገን ነው። ግን ትምህርቱን እንዳንረሳ። ከላይ ያለው ሲያልቅ ሁሉም የሚመጣው ወደ ታችኛው ነው። ከታችኛው በታች ሌላ የለም።

አሁን ወደ አሸዋው። አሸዋ ለቤት መሥሪያ ብቻ የተፈጠረ ይመስለናል። ወንዝ ውስጥ ሳለ ግን ሦስት ሥራ አለው።

አንደኛ፣ ጎተራ ነው። ሒሳብ እንሥራ። 100 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ እንውሰድ። 6,000 ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ ውስጥ ሩቡ ውሃ የሚይዝና የሚለቅ ክፍተት ነው ብንል (ለወንዝ አሸዋ የተጋነነ አይደለም) 1,500 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትሉኝ 75 ሺህ ጀሪካን። ይህ አንድ ጊዜ ሲሞላ ነው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይሞላል። በዚያ ላይ አሸዋው ጣሪያ አለው፤ የላይኛው ክንድ ያህሉ ሲደርቅ የታችኛውን ከፀሐይ ይሸፍነዋል። በድሬ ፀሐይ ግልጥ ኩሬ ቢሆን ስንት ቀን ይቆያል? ኬንያ ውስጥ ኪቱይ የሚባል ደረቅ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን አውቀው በወንዛቸው ላይ አጭር ግድብ ይሠራሉ፤ ዓላማው ውሃ ማጠራቀም ብቻ ሳይሆን አሸዋ ማጠራቀም ነው። አሸዋው ሲሞላ ውሃው በውስጡ ይቆያል። እነሱ አሸዋ ለማስገባት ግንብ ይገነባሉ። እኛ ለማስወጣት መኪና እንከራያለን።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያ ነው። ውሃው በአሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ቆሻሻው ይቀራል፤ በቅንጣቶቹ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ብዙውን ነገር ይበሉታል። የሁለተኛው ጣሳ ጠርቶ መምጣት ሚስጥሩ ይህ ነው። ማጣሪያው ግን ተአምር አይሠራም። ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚወጣው ናይትሬት በውሃ የሟሟ ስለሆነ አሸዋ አይዘውም። ኦክስጅን በሌለበትና በቂ ካርቦን ባለበት ቦታ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል፤ እሱም ጊዜ ካገኙ ነው። ያልተቀየረው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ወተት ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው፣ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። እና እናቶች ይህን ልብ በሉ፦ ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል።

ሦስተኛ፣ ልጓም ነው። ጎርፉ ሲመጣ አሸዋው የተወሰነውን ይጠጣለታል፣ ፍጥነቱንም ይይዝለታል።

*

"አሸዋውስ በየዓመቱ ጎርፉ ያመጣ የለ?" ትላላችሁ። ትክክል ነው፣ ያመጣል። ለዚህ ነው "አንድ አካፋ እንዳትነኩ" የማልለው። ጥያቄው ጎርፉ ከሚያመጣው በላይ እየወሰድን ነው ወይ የሚለው ነው። ከበለጠ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉ ሲወርድ ሦስት ነገር ይከተላል። በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ጎድጓዳው እየፈሰሰ ይወርዳል፤ የዳር ጉድጓዶች ይደርቃሉ። ቀጥሎ ጎርፉ የጎደለበትን አሸዋ ለመሙላት ከላይና ከዳር መሬት እየገመሰ ይወስዳል፤ ያ መሬት የአንድ ሰው ግቢ ነው። በመጨረሻ የድልድይና የግንብ መሠረት ይገለጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አሸዋም እንደዚያው ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር እንመለስ፤ ስለ መደፈን። ዘንድሮ ከዘጠነኛ ክፍሎች ጋር አንድ ሙከራ ሠራን። ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጣቸውን ቆርጠን ገለበጥናቸው፤ አፋቸውን በጨርቅ አሰርን። በሦስቱም እኩል የታጠበ አሸዋ አደረግን። የመጀመሪያው ላይ ሌላ ምንም አልጨመርንም። ሁለተኛው ላይ ጣት የማይሞላ ውፍረት ያለው ደለል ከላይ አነጠፍን። ሦስተኛው ላይ ከጋራዥ ያመጣነውን የተቃጠለ ዘይት ትንሽ ጠብ አደረግን። ከዚያ እኩል እኩል ውሃ አፈሰስን። የመጀመሪያው ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ወረደ። ሁለተኛው ደወል ሲደወልም ገና ከላይ ተኝቶ ነበር። የሦስተኛው ውሃ ወረደ፣ ግን ማንም ሊያሸተው አልፈለገም። አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ደቻቱ የቱ ነው?" አለችኝ። "አንቺስ የቱ ይመስልሻል?" አልኳት። "እንደየቦታው ሦስቱንም ነው" አለች። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

እውነቷን ነው። ወንዙ ውስጥ ምን እንደምንጥል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፌስታል፣ የግንባታ ፍርስራሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ሌሊት ሌሊት የሚደፋ የመጸዳጃ ፍሳሽ። ጎርፍ መጥቶ "ሲያጥበው" ደስ ይለናል። አላጠበውም፤ ግማሹን ወሰደው፣ ግማሹን ወደ ታች አስገባው። ወደ ታች የገባው ወደ ጎተራችን ነው የገባው።

*

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ድምፁን አልረሳውም። እኛ ሰፈር ዝናብ እንኳን ያን ያህል አልዘነበም ነበር። ተራራው ላይ የዘነበው ነው በጨለማ የመጣብን። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቻችሁ ዘመድ አላችሁ፤ እኔም አብሮኝ የተማረ ልጅ አለኝ። ነፍሳቸውን ይማር። ስለዚህ ስለ ደቻቱ እንደ ጓደኛ ብቻ የምጽፍ ሰው እንዳትመስሏችሁ። እፈራዋለሁ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በዳርቻው የተሠራው ግንብ ትክክል ነው፤ ሰው ያድናል። ግን አንዳንድ ሰው ሲናደድ "ለምን ወለሉን ጭምር በሲሚንቶ አይለሰንም? ጎርፉ ቶሎ ያልፋል፣ ከተማውም ያምራል" ሲል እሰማለሁ። ዕድር ላይም ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም።

ይህን ያደረገ ከተማ አለ፤ ሎስ አንጀለስ። በ1938 እ.ኤ.አ ከባድ ጎርፍ መጣባቸውና ወንዛቸውን፣ 82 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን፣ አብዛኛውን በኮንክሪት ለበጡት። ፊልም ላይ መኪና ሲሳደድበት የምታዩት ያ ነው። ጎርፉ በእርግጥ ቶሎ ወደ ባሕር ያልፋል። ችግሩ ውሃውም አብሮ ያልፋል። ደረቅ ከተማ ሆኖ ዝናቡን ወደ ባሕር ይሸኛል፣ ከሩቅ ደግሞ ውሃ ያስመጣል። የሚገርመው፣ ግሌንዴል ናሮውስ በሚባለው ቦታ ወለሉን ሳይለብጡ ተዉት። ለምን? የከርሰ ምድሩ ውሃ እዚያ ቅርብ ስለሆነ ከሥር እየገፋ ስላስቸገራቸው። ኮንክሪት ለሠራው ሠራዊት እንኳን ወንዙ ከታች መኖሩን ነገራቸው። ዛሬ ያ ቦታ ዛፍና ወፍ አለበት፤ ከተማው ደግሞ ሌላውንም እንደዚያ ለማድረግ ይደክማል። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ በሳንታ አና ወንዝ አሸዋ ላይ ዝቅ ያሉ የአሸዋ ክትሮች እየሠሩ ውሃውን ሆን ብለው ያዘገዩታል፣ እንዲሰርግ። በሀብት ከእነሱ ጋር አንወዳደርም። ግን ስህተታቸውን በነፃ መውሰድ እንችላለን።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ዳሩ ይገንባ፣ ወለሉ ክፍት ይሁን።

አሸዋውን በተመለከተ ደግሞ፦ ከተማው ውስጥ፣ ከድልድይና ከግንብ አጠገብ፣ ከውሃ ጉድጓዶች አቅራቢያ ማውጣት ፈጽሞ ይቁም። ከከተማ ውጭ ጎርፉ አሸዋ የሚከምርባቸው ቦታዎች ተለይተው በፈቃድ ይሰጡ። ጥልቀቱ ይወሰን፤ ለምሳሌ በየቦታው ቀለም የተቀባ ቋሚ ይተከልና ከዚያ በታች አይነካ። ከክረምት በኋላ ይለካ፤ ካልሞላ በዚያ ዓመት ያ ቦታ ይረፍ። ለትልልቅ ግንባታዎች ደግሞ ከድንጋይ የሚፈጨው አሸዋ ግዴታ ይሁን። አሥር ፎቅ የሚያቆም ሰው ከወንዝ አሸዋ ርካሽነት ጥቅም ማግኘት የለበትም።

ዘይቱን ለሚደፉ ጋራዦች መሰብሰቢያ በርሜል ማስቀመጥ ስንት ይፈጃል? ቤት የምትሠሩ ደግሞ መጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ወንዙ ዳር አታስጠጉ። "መሬቱ አሸዋ ስለሆነ አይሞላም፣ ቶሎ ይሰርጋል" የሚለውን ጥቅም አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የት ነው የሚሰርገው?

እና ተራራው። እላይ ያሉ ገበሬዎች እርከን ሲሠሩ ለራሳቸው ብቻ አይደለም የሚሠሩት፤ ለእኛም ነው። ጎርፉን ይቀንሱልናል፣ ደለሉን ይይዙልናል፣ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጉልናል። ከተማው ለዚህ አንድ ነገር መክፈል አለበት ባይ ነኝ። በነፃ ነው እስካሁን የበላነው።

*

ይህን ሁሉ ረቡዕ ጽፌ ጨረስኩና ለመለጠፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ያ ልጅ ታወሰኝ። "ማንን ይጎዳል?" ላለኝ ይኸው ሁለት ሺህ ቃል ጻፍኩ። ግን "ከከለከልከኝ ምን ልብላ?" ቢለኝስ? እሱ የሚጭነው ሰው ስላዘዘው ነው። ያዘዘው እኔ ነኝ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት መኪና።

ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ፈልጌው ሄድኩ። ሻይ ገዛሁለትና ከላይ የጻፍኩትን አጠር አድርጌ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ "ና ላሳይህ" አለኝ።

ወደ ወንዙ ወረድን። አካፋውን ይዞ አንድ ቦታ ቆመ። "እኔ ሥራ ስጀምር እዚህ ጋ ሁለት አካፋ ስታወጣ እርጥብ ነበር። እርጥብ አሸዋ ስለሚከብድ እንጠላው ነበር" አለ። መቆፈር ጀመረ። ቆጠርኩ። ሰባተኛው ላይ ደረሰ፣ ደረቅ ነው። አሥረኛው ላይ አሸዋው ጠቆር አለ። ቀና ብሎ አየኝ። "አሁን እዚህ ነው። እኛ እናውቃለን እኮ ቲቸር። የጠየቀን የለም እንጂ።"

አያችሁ? እኔ ዳርሲን ጠቅሼ፣ ሞንታና ሄጄ፣ ሎስ አንጀለስ ደርሼ የተመለስኩበትን ነገር እሱ በአካፋ ሲለካው ነው የኖረው። በየዓመቱ፣ በየሜትሩ። ይህን ወንዝ ከእነዚህ ልጆች በላይ የሚያውቅ የለም። እና ሐሳቤ ላይ አንድ ነገር ጨምሬአለሁ፦ ቦታ የሚጠብቅ፣ ቋሚውን የሚያነብ፣ ከክረምት በኋላ የሚለካ ሰው ሲያስፈልግ ከእነሱ ይቀጠር። ፈቃዱም ለመኪና ባለቤት ብቻ ሳይሆን ለእነሱ ማኅበር ይሰጥ። ወንዙን መጠበቅ ከመጫን እኩል እንጀራ ካልሆነ፣ እኔ የምጽፈው ሁሉ የጠገበ ሰው ወሬ ነው።

ለሚመለከተው ቢሮ ከሁለት መምህራን ጋር ሆነን ደብዳቤ እያዘጋጀን ነው። ውሃ፣ ግንባታ ወይም ሕግ የተማራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ ነው የምፈልጋችሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ አሁን በእናንተ እጅ ነው። አሁን ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፦ አሸዋው ሲራገፍ ሹፌሩን "ከየት ነው?" በሉት። እኔ ያልጠየቅኳትን ጥያቄ።

ነገ ደቻቱን ስትሻገሩ ወደ ታች እዩ። ደረቅ አይደለም። እናቴ እንዳለችው፣ ሙቀቱ በዝቶበት ወደ ታች ገብቶ ነው።

መልካም ሰንበት።